ከመከታ ኋላ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአስፋልት የሚያልፍ መንገደኛ ፎገራን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ሐሙሲትን አልፎ ሲወርድ ሜዳው ይዘረጋለታል፤ የጉማራን ድልድይ ይሻገራል፤ ወረታ ላይ ቡናውን ጠጥቶ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ያመራል፣ ወይ በስተቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ነሐሴ ላይ ካለፈ ውኃ፣ ኅዳር ላይ ካለፈ የበሰለ ሩዝ፣ ሚያዝያ ላይ ካለፈ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት ያያል። በሦስቱም ጊዜ ግን ፎገራ ልሙጥ ሜዳ ነው ብሎ ያልፋል።

ልሙጥ አይደለም። ይህን ያየሁት በእግሬ፣ ያውም ከአንድ ውሻ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው።

ጊዜው ኅዳር ነበር፤ መንገዱ ሰላም የነበረበት ዘመን። ዛሬ በዚያ አገር ገበሬውም መንገደኛውም እንደ ልቡ የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ላይ ደርሰናል፤ ይህን ስጽፍ እነዚያ ሰዎች እንዴት ሆነው ይሆን የሚለው ሐሳብ ከልቤ አልወጣም። ያረፍኩት ከሐሙሲት በታች፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ጥግ፣ በአንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ውሻቸው መከታ ይባላል። ቡላ ነው፤ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ ቀኝ ጆሮው ጫፉ ላይ የተቀደደ። ጆሮውን የቀደደው ጥጃ ሊበላ የመጣ ጅብ ነው፤ ጥጃዋ ግን ተርፋለች። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ላይ የነበረው ኩራት ስለ ልጅ የሚናገር አባት ኩራት ነበር።

ሐሙሲት በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያዋ ይደራል። ከእሷ በስተምሥራቅ መንገዱ ወደ አንበሳሜና ወደ እስቴ ይሄዳል። በስተምዕራብ ጣና ዳር ቆራጣ አለች፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ የተሰደደችው የወለተ ጴጥሮስ ገዳም የሚገኝባት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በነጋዴዎቿ ስመ ጥር የነበረች ጥንታዊ ከተማ። የእኔ ሐሳብ ቆራጣ መሄድ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ግን የአባባ የልጅ ልጅ ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ዳቦውን በነጠላው ቋጥሮ ወደ ሩዝ ጥበቃ ሲወጣ መከታ ከተኛበት ተነሥቶ፣ ገላውን ዘርግቶ፣ ማንም ሳይጠራው ተከተለው። እኔም ተከተልኳቸው። ቆራጣ ለሌላ ቀን ቀረች።

ውሻ ይዞ መንሸራሸር በእኛ ገጠር የለም። ገመድ የለም፣ «ና» እና «ቁም» የለም። ውሻው ሥራ አለውና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሰው ከፈለገ አብሮት ይሄዳል። መከታ ከፊት ሆነ፤ ልጁ መሐል፤ እኔ ኋላ። የበጋ ጤዛ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። ከዳገቱ ግርጌ ያለው የኑግ ማሳ አበባው አልፎ ፍሬ ይዟል፤ ጤፉ አንገቱን ደፍቷል፤ ከዚያ በታች ሩዝ ብቻ ነው። የመኸር ፀሐይ ገና ከጉና ተራራ በኩል ብቅ ስትል ሜዳው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆነ።

ጥቂት እንደሄድን በግራ ያለው ደረቅ የመሰለ መሬት አቋራጭ ሆኖ ታየኝና ወደዚያ ታጠፍኩ። ልጁ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ እሱ በሄደበት ይሂዱ። እግርዎ አይሰጥምብዎትም።»

መከታ በቀጥታ አልሄደም። ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ዓይን በማይለየው ቀጭን ከፍታ ላይ ይራመዳል። ከሩቅ ሲያዩት ያለ ምክንያት የሚዞር ይመስላል። እግሩን ተከትዬ ስሄድ ግን ሜዳው ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሜዳ እንዳለ ገባኝ። እዚህ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይላል፤ ውኃው እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። እዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሩዙ ቀድሞ ይደርሳል። ከላይ ቅርፊት ያበጀው ዋልካ ከሥሩ ገና ጭቃ ነው፤ የሰውን ክብደት አይችልም። ውሻው ይህን ሁሉ በእግሩ መዳፍ ያውቀዋል። ገበሬውም ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው አንዱ ማሳ ላይ ሩዝ፣ ጎኑ ላይ ሽምብራ፣ ከዚያ ወዲያ ጓያ የሚዘራው። እያንዳንዱ ሰብል የተቀመጠው ውኃው በሚሸሽበት ቀን መጠን ነው።

ጉማራ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። ወደ ወንዝ ሲሄዱ ቁልቁል ይወረዳል ብሎ ነው ሰው የሚጠብቀው። እኛ ግን ወጣን። የጉማራ ዳር ከኋላው ካለው ማሳ ከፍ ይላል። ጉማራና ርብ ሁለቱም የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ነው። ክረምት ላይ የደጋውን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክምና አፈሩን በግራና በቀኝ ዳራቸው፣ በሆዳቸውም ጭምር ይጥሉታል። በዚህ ሁኔታ ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ወንዙ ከሜዳው በላይ ሆኖ ይፈስሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዳሩ ያመለጠ ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ አይገባም፤ መመለሻ የለውምና። ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ወደ ጣና እየተንፏቀቀ፣ እየሰረገና እየተነነ ነው የሚያልቀው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህ ውኃ ከልኩ አልፎ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ወረዳዎች አጥለቀለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። አባባ ያን ክረምት ሲያስታውሱ መጀመሪያ የሚያነሡት ሰዎቹን አይደለም፤ ሰዎቹ ወጥተዋል። የሚያነሡት ጎተራ ላይ ወጥተው የሚጮኹትን ውሾች ነው።

ከዚህ ውኃ ጋር መኖር የፎገራ ታሪክ ሁሉ ነው። ጥንት መልሱ ከብት ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ በአገር የታወቀች ናት፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ረግረግና ዝንብ የለመደች፣ ክረምት ላይ ሆዷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ የምትግጥ። ሜዳው በአብዛኛው የወል ግጦሽ ነበር። ከዚያ ሩዝ መጣ። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ድጋፍ በደራ በኩል በጅግና፣ በፎገራ በኩል በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ተሞከረ። ገበሬው መጀመሪያ አላመነውም፤ የማይጋገር፣ ቅጠሉ ሣር የሚመስል እህል። ውኃ የማይገድለው ሰብል መሆኑን ካየ በኋላ ግን ሜዳውን አለበሰው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያችው ቀበሌ ነው። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላ ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል።

ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ። የፎገራ ከብት ቁጥሩ እየተመናመነ፣ ደሙም ከሌላ ዝርያ ጋር እየተቀላቀለ መጣ፤ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያው እንዳይጠፋ ይዞ ለማቆየት እስከ መጣር ደርሷል። በእኔ ግምት ለገበሬው ሩዙ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ በየዓመቱ ከሚሰጥም ማሳ ጠግቦ የሚያድር ቤተሰብ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ ምርጫ የሜዳውን ነዋሪ ሁሉ ሥራ ለወጠው። የመከታ አያቶች የመንጋ ውሾች ነበሩ። ከከብቱ ጋር ውለው ከከብቱ ጋር የሚገቡ፣ ቀን ቀበሮ ማታ ጅብ የሚጠብቁ። መከታ ዛሬ የሚጠብቀው በአብዛኛው እህል ነው።

ማማው ላይ ስንደርስ ልጁ ወጣ። ማማ አራት እንጨት ተተክሎ፣ ላዩ በጭራሮና በሣር ተከድኖ የሚሠራ የጥበቃ ሰገነት ነው። ከላዩ ሆኖ ወንጭፉን ያስጮኸዋል፤ ወፉ ግር ብሎ ይነሣል፣ ሁለት ማሳ ወዲያ ሄዶ ያርፋል፣ ከዚያ ማማ ላይ ያለው ሌላ ልጅ ደግሞ ይነሣበታል። ሜዳው ላይ ከማማ ወደ ማማ የሚተላለፍ የልጆች ድምፅ አለ፤ ስድብም ጨዋታም ዜማም የተቀላቀለበት። መከታ ማማው ሥር ጥላ ይዞ ይተኛል። ትንንሾቹን ወፎች አያባርርም፤ እነሱ የልጁ ሥራ ናቸው። ባዕድ ከብት ወደ ሩዙ ሲጠጋ ግን ሳይታዘዝ ይነሣል። አይነክስም፤ ከፊቱ ቆሞ ይጮኻል፤ ከብቱ ይመለሳል። የሥራ ክፍፍሉን ማንም አላስተማራቸውም ብል ስሕተት ይሆናል፤ አብረው በማደግ የተማማሩት ነው። ልጁ ትምህርቱ ከሰዓት ፈረቃ በመሆኑ ቀትር ላይ እናቱ ትተካዋለች። መከታ ግን ፈረቃ የለውም። ሩዙ ታጭዶ ነዶው ሲከመር ክምሩ እስኪወቃ ሜዳ ላይ ያድራልና አውድማው አጠገብ የሚያድረውም እሱ ነው።

ከማማው በስተምዕራብ፣ ሩዙ በተነሣለት ማሳ ላይ፣ ግራጫ ወፎች ቆመው አየሁ። ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቀይ ነጥብ። በጥቅምትና በኅዳር ከሰሜን፣ ከሩሲያና ከፊንላንድ ሳይቀር፣ አህጉር አቋርጠው መጥተው ብርዱን በጣና ዳር የሚያሳልፉ ናቸው። ከእነሱ ጋር አክሊል የደፋው ጥቁሩ የአገራችን ዘመዳቸውም ይታያል። ወደ ርብ በኩል ያሉት የሸሸርና የወለላ ውኃ አዘል መሬቶች የእነዚህ ወፎች ዋና ማደሪያ ነበሩ፤ አሁን በየዓመቱ ዳራቸው እየታረሰ ጠበዋል። የጣና ዙሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅነቱ ማረሻ እስከሚደርስበት ድረስ አልወረደም። ሐይቁ ራሱ ከቆምኩበት እንደ ቀጭን መስመር ነበር የሚታየው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰፈረበት እምቦጭ የፎገራን ዳርቻ ይዞ፣ ከብት የሚጠጣበትንና ታንኳ የሚወጣበትን በር ሲዘጋ ነው የከረመው።

ገበሬው ስለ ወፎቹ የሚለው ሌላ ነው፤ የዘራሁትን ሽምብራ ይለቅሙብኛል ይላል። እውነቱን ነው። መከታ ወደ እነሱ ሲሮጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ጩኸታቸው ሜዳውን ሞላው። አየር ላይ ዞረው፣ ወደ ጉማራ አፍ ወረዱ። እኔ ለወፎቹ አዘንኩ፤ ሽምብራው የእኔ ቢሆን ኖሮ ግን ውሻውን አደፋፍር ነበር። ሁለቱንም ስሜት በአንድ ጊዜ ይዤ ነው የቆምኩት፤ ዛሬም አልለየሁትም።

ስንመለስ በሌላ መንደር በኩል ነበር። እዚያ መከታ ሌላ ውሻ ሆነ። ጅራቱን አወረደ፣ አካሄዱን ቀነሰ፣ ከልጁ እግር ሥር ገባ። በየአጥሩ ሥር ያሉ ውሾች ተነሥተው ጮኹብን። ልጁ ጎንበስ አለ፤ ድንጋይ አላነሣም፣ ጎንበስ ማለቱ በቃ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። በአገራችን ያለ ውሻ ሁሉ ሰው ጎንበስ ሲል ምን እንደሚከተል ያውቃል። ይህን ሳይ ልቤ ተሰበረ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ የሚከለከል፣ በስድብ ውስጥ ስሙ የሚጠራ፣ ደሙ ቢፈስስ ጠያቂ የሌለው፤ ሌሊት ሌሊት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑን የሚከድነው እሱን አምኖ ነው።

ሰው ውሻን መፍራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎችን ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ሰውን ከሚይዘው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም መካከል ልክ እንደዚህ የማማ ልጅ ያሉ ብዙ የገጠር ልጆች አሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ማዳን ይቻላል፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ መከተብ። በገጠር ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት አዋቂ ነው፤ ክትባቱ ሩቅ ነዋ። በየከተማው ደግሞ ለረጅም ዘመን የተያዘው መላ ባለቤት የለሽ ውሾችን በመርዝ መፍጀት ነበር። ይህ በሽታውን አላጠፋም፤ በሞተው ቦታ ሌላ ውሻ ይመጣልና። የሚያጠፋው የታወቀ ነው፦ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብና ይህን በየጊዜው መድገም።

በዚህ አካባቢ የውሻ ስም በሌላ በሽታም ተነሥቷል። በ1997 ዓ.ም. ከወረታ በስተሰሜን በሊቦ ከምከም ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየከሱ፣ ሆዳቸው እያበጠ እንደሚሞቱ ታወቀ። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ደጋማ አገር ያልታወቀ በሽታ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ከዓመታት በኋላ የታተመ ጥናት በበሽታው ይበልጥ የተያዙት እነማን እንደሆኑ ሲመረምር ውጭ የሚያድሩ፣ ቀን ግራር ሥር የሚያሸልቡ፣ ቤታቸው ውሻ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሽታውን የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ ተናካሽ ዝንብ ናት። ውሻው ተሸካሚ ይሁን ወይስ ለዝንቧ ማረፊያ ብቻ፣ ጥናቱ ፍርድ አልሰጠም። እኔን ግን ሌላ ነገር ገረመኝ፤ ውጭ የሚያድር፣ ግራር ሥር የሚያርፍ፣ ውሻ ያለው ሰው ማለት የእህል ጠባቂው ራሱ ነው። አገር የሚያበላው ሥራ ነው ለበሽታው ያጋለጠው።

ማታ የነቢያት ጾም ስለገባ ቤቱ ውስጥ ያለው ሽሮ ነበር። ላሟ ግን ትታለባለች፤ ቅቤው ለገና ይጠራቀማል፣ አሬራው ለሕፃናቱና ለመከታ ነው። የጾም ወራት ለውሻ የጥጋብ ወራት ነው አሉ አባባ። የእሱን ድርሻ ራሳቸው ናቸው የሚሰጡት፤ የተሰበረ ገንቦ ግማሽ ላይ አሬራ ቀድተው፣ የሩዝ ቂጣ ፈትፍተው ከደጁ አወጡለት። እስኪበላ ጠብቀው ተመለሱ።

ስለ ክትባቱ ነገርኳቸው። ሰውን ሳይሆን ውሻውን ቀድሞ መከተብ እንዳለ፣ በዓመት አንድ መርፌ እንደሆነ፣ መከታ ቢከተብ ልጁም እንደሚድን። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ለውሻ መርፌ አለ?» አሉ።

«አለ አባባ።»

«ወረዳው ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ በየዓመቱ ይመጣል። ከብቱን አሰልፈን እናስወጋለን። መከታ እዚያው አጠገባችን ነው የሚቆመው፤ አንድም ቀን የጠየቀን የለም።» ወደ በሩ ዞር አሉ። «እኛም አልጠየቅንም። ላሟን የሚጠብቃት እሱ፣ ልጄን የሚጠብቀው እሱ። ከብቱን ሲወጉ ለምን እሱን ያልፉታል? የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ራሴ ይዤው እሰለፋለሁ፤ እዚያ የሚሉኝን እሰማለሁ።»